ከጅማ ሳኦ ፓውሎ፣ በግራ በኩል መስኮት ዳር

ሰኞ፣ ጅማ

ጥምቀት ካለፈ በኋላ የጅማ ሰማይ ይከፈታል። ዝናብ የለም፤ የጠዋቱም ጉም ብዙ ሳይቆይ ተጠርጎ ይሄዳል። ጂሬን ወጥቶ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ደጃፍ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ከተማው ከነዛፉ ከነቆርቆሮው ጥርት ብሎ ይታየዋል። ከአውሮፕላን ላይ አገሩን ማየት ለሚፈልግም ከጥር የተሻለ ወር አላውቅም።

የምሄደው ብራዚል ነው፤ ለሥራ። ቡና ቀማሽ ነኝ። የምሠራበት ድርጅት የእነሱን ማሳና ማድረቂያ አይተን እንድንመለስ ሁለት ሰው ይልካል፤ አንዱ እኔ፣ ሌላው ከአጋሮ ወዲያ ማሳ ያላቸው፣ ለእኛ ቡና የሚያስረክቡ አንድ አባት። ኦቦ እላቸዋለሁ፤ እዚህም ኦቦ ብቻ ይሁኑ።

ትኬቱ እጄ ከገባ ጀምሮ ሐሳቤ አንድ ነገር ላይ ነው፤ በየትኛው ጎን ልቀመጥ? ብዙ ሰው ኤርፖርት ደርሶ «መስኮት ጋ ስጪኝ» ይላል፣ ከተሰጠው ደስ ብሎት ይገባል፣ በቃ። አውሮፕላን ግን ሁለት ጎን አለው። በአንዱ በኩል ሐይቅና ተራራ ሲያልፍ በሌላኛው በኩል የተቀመጠው ሰው ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታ መስኮቱን ዘግቶ የሚውልበት በረራ ብዙ ነው። ሁለቱም የከፈሉት ገንዘብ እኩል ነው።

የልጄን ሉል ከመደርደሪያ አውርጄ ክር ወጠርኩበት፤ አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ሳኦ ፓውሎ ላይ። የቆየ ዘዴ ነው፤ ጠፍጣፋ ካርታ ረጅም መንገድ ላይ ይዋሻል። ለምሳሌ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ማስመሪያ ብታስቀምጡ ሰሃራን መሐል ለመሐል ይሰነጥቃል። ክሩ ሉል ላይ ሲወጠር ግን የሜዲትራኒያን ዳርቻ ላይ ይወጣል። የብራዚሉ መንገድ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማይርቅ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ክሩ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ ዘንበል እያለ ይወርዳል፤ ደቡብ ሱዳንን፣ ኮንጎን፣ ከዚያ አትላንቲክን ያቋርጣል። ዝርዝሩን ስልኬ ላይ ባለው ካርታ ሳየው ደግሞ መስመሩ በሊሙ በኩል አልፎ ጅማን በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይተዋታል። ደቡብ ማለት ወደ ምዕራብ ለሚበር አውሮፕላን ግራ ነው።

እዚህ ላይ ነው ጭንቁ። በጥር ፀሐይ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ናት። ስለዚህ በዚህ በረራ አብዛኛውን ቀን የምትውለው በግራ በኩል ነው። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታው የመስኮቱ ጭረትና እድፍ ሁሉ ይበራል፤ ከውጭ ያለው ነገር ይነጣል፤ ፎቶም አይወጣም። በሐምሌ ቢሆን ተቃራኒው ነው፤ ያኔ ግን የክረምቱ ደመና አገሩን ስለሚሸፍን በየትኛውም ጎን ቢቀመጡ ለውጥ የለውም። ስለዚህ ማንም አዋቂ የሚመክረኝ በቀኝ በኩል፣ ጥላው ውስጥ እንድቀመጥ ነው። በቀኝ በኩል የነጭ ዓባይ ረግረግ ሱድም አለ።

ግራውን ያዝኩ። ጅማን ከላይ የማየት ዕድል በእጄ ገብቶ በጥላ አልለውጠውም።

ጎኑን ከመረጡ በኋላ ረድፉ ይቀራል። ሰፊ አካል ያላቸው አውሮፕላኖች ላይ መሐል ወንበሮች ከክንፉ በላይ ናቸው፤ ክንፍ እያዩ 12 ሰዓት መሄድ ነው። ከክንፉ ፊት ያለው ቦታ አብዛኛው የቢዝነስ ክላስ ነው። ለእኛ ቢጤው የሚቀረው ወደ ጅራቱ መሄድ ነው፤ ግን ከክንፉ ወዲያው ኋላ አይደለም። እዚያ ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ አየር ምድሩን ያንቀጠቅጥብዎታል። ሌላም አለ፤ ወንበርና መስኮት ሁልጊዜ አይገጣጠሙም። «መስኮት ዳር» የተባለው ወንበር ትከሻ አጠገብ ባዶ ግድግዳ ሊሆን ይችላል። የወንበሮቹን ካርታ ቀድሞ ማየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ኦቦን ደውዬ የት መቀመጥ እንደሚፈልጉ ጠየቅኳቸው።

«ሽንት ቤት የሚቀርበው የቱ ነው?»

«መተላለፊያ ዳር ያለው፣ ኦቦ። ከኋላ በኩል።»

«እሱን ያዝልኝ፤ ሰማዩን አንተ ይዘህልኝ ትመጣለህ።»

ማክሰኞ፣ ከጅማ አዲስ አበባ

በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የግቤን በረሃ ወርዶ መውጣት አለ፤ ቀንዎን ይበላል። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት አይሞላም።

ከአባ ጅፋር ኤርፖርት የሚነሳው ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ነው፤ ብዙዎቻችን ኪው 400 የምንለው። ለሚያይ ሰው ይህ አውሮፕላን ከትልልቆቹ ይሻላል እላለሁ። ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ በየትኛውም ረድፍ ቢቀመጡ ምድሩን አይሸፍንም። የሚከልለው ሞተሩ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ወደ ኋላ መሄድ። መሐል ላይ የተቀመጠ ደግሞ የራሱ ትርዒት አለው፤ ጎማው ከሞተሩ ሆድ ውስጥ ተዘርግቶ ሲወጣና ተመልሶ ሲገባ ከመስኮቱ ጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ያየዋል። ከፍ ብሎም ስለማይበር የጤፍ ክምር፣ የከብት በረት፣ የሰው መንገድ ሳይቀር ይለያል።

ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ አቅጣጫው ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ የጠዋት ፀሐይ በቀኝ ናት። ስለዚህ ግራ። ከግቤ ሸለቆ በኋላ ወንጪ በግራ በኩል መጣ። ሐይቁን አያለሁ ብሎ የሚጠብቅ ሰው አይድከም። ከዚያ ርቀትና ከዚያ ከፍታ የተራራው ጠርዝ ይከልለዋል። ተራራው ራሱ ግን፣ 3,386 ሜትር ላይ የሚያበቃው፣ ከአካባቢው ደጋ ተለይቶ ቁጭ ብሏል።

ኦቦ አጠገቤ ተኝተው ነበር። አዲስ አበባ ስንደርስ «ቶሎ ደረስን» አሉ።

ረቡዕ፣ ከአዲስ አበባ ሳኦ ፓውሎ

ከቦሌ ወደ አውሮፓም ወደ ቻይናም የሚሄዱት በረራዎች በብዛት የሌሊት ናቸው። በሌሊት በረራ የመስኮት ዳር ጥቅሙ ግድግዳ ተደግፎ መተኛት፣ ንጋት ላይ ደግሞ ለሩብ ሰዓት ቀይ ሰማይ ማየት ነው። የሳኦ ፓውሎው ግን ረፋዱ ላይ ይነሳና ፀሐይን እየተከተለ ይሄዳል። ምድር በወገቧ ላይ በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ገደማ ትዞራለች፤ አውሮፕላኑ ወደ 900 ይበራል። ተሳፋሪው ፀሐይን በግማሽ ፍጥነት ስትሄድ ያያታል ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ስትወጣ ያያት ሰው ሳኦ ፓውሎ ላይ ስትጠልቅ እስኪያያት 18 ሰዓት የሚጠጋ ቀን ያሳልፋል። መስኮት ለሚወድ ከዚህ በላይ ምን አለ?

አውሮፕላኑ ቦይንግ 787 ነው። በአፍሪካ መጀመሪያ የተረከበው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው፤ በ2012 እ.ኤ.አ.። መስኮቱ 27 በ47 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ከሌሎቹ ይረዝማል፤ አንገት ሳያጎነብሱ ምድሩም አድማሱም ይታያል። የሚጎተት መጋረጃ የለውም፤ ከሥሩ ያለውን ቁልፍ ሲጫኑ መስተዋቱ ቀስ እያለ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። ወዲያው የሚጨልም የሚመስለው ሰው ደጋግሞ ይጫናል። አይቸኩልም፤ የአንድ ሁለት ደቂቃ ጉዳይ ነው።

እኔ በኤ ፊደሉ፣ መስኮት ዳር፤ ኦቦ በሲ፣ መተላለፊያ ዳር። መሐሉን ሆን ብለን ተውነው፤ ባዶ ከቀረ እንዘረጋለን። አልቀረም። አንድ ወጣት መጣ፣ ሰላም አለን፣ ጆሮውን በማዳመጫ ደፈነ፣ አውሮፕላኑ ሳይነሳ ተኛ።

ቦሌ 2,334 ሜትር ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። ነዳጅ የሞላ አውሮፕላን ብዙ ተንደርድሮ ነው የሚነሳው፤ ከመስኮቱ ማኮብኮቢያው አላልቅ ሲል ይታያል። ከዚያ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። 787 በሚበርበት ጊዜ የውስጡ አየር ግፊት ቢበዛ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ቦታ ሆኖ ነው የሚያዘው። አውሮፕላኑ ሽቅብ ሲወጣ እኛ ውስጥ ያለነው ግን ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ከፍታ እየወረድን ነበር። ጆሮዬ ሲዘጋ ለኦቦ ነገርኳቸው፤ «ታዲያ ለምን ሄድን?» አሉ።

የአዲስ አበባ ፎቆች ከኋላ ቀሩ። በግራ የጉራጌ ተራሮች፣ ከዚያ መሬቱ ድንገት ተሰነጠቀና ግቤ። ትናንት ከ5,000 እና 6,000 ሜትር ያየሁት ሸለቆ ዛሬ ከእጥፍ ከፍታ ሲታይ ቅርንጫፎቹ ሁሉ አንድ ላይ ይነበባሉ፤ እያንዳንዱ ወንዝ የራሱን ገደል ይዞ ወደ ኦሞ ይወርዳል። ከዚያ የግልገል ግቤ ግድብ ውሃ። ፀሐይዋ ከዚያው በኩል ስለነበረች ውሃው እንዳለ አበራ፤ ዓይን አያስከፍትም። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣቢያ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው በዚህ ውሃ ነው። ያው ውሃ 26 ኪሎ ሜትር በሚሆን ዋሻ ተመርቶ ለግልገል ግቤ ሁለትም ያገለግላል። ዋሻው ከላይ አይታይም እንጂ የሚገባበትና የሚወጣበት ሸለቆ ይታያል።

ጥቁር ሻርፔን አወጣሁ። መስተዋት ላይ የሚረብሸው የራስ ነጸብራቅ ነው፤ የሸሚዝ ነጭ፣ የቴሌቪዥኑ ብርሃን። ነጠላ ለዚህ አይሆንም፤ ይብሳል። ጥቁር ጨርቅ በራስና በመስኮቱ ዙሪያ ሲደረግ ውጭው ይጠራል። ስልኩን መስተዋቱ ጋ ማስጠጋት፣ ግን አለማስነካት፤ ሲነካ የአውሮፕላኑ ንዝረት ፎቶውን ያበላሸዋል።

እና ጅማ መጣች። ሻርፑ ውስጥ ሆኜ መጀመሪያ የለየሁት ማኮብኮቢያውን ነው፤ ገርጣ ያለ ቀጥ ያለ መስመር፤ በዚያ አገር ቀጥ ያለ ነገር ሌላ የለም። ከዚያ አጠገቡ የከተማው ቆርቆሮ ብልጭልጭታ፣ ከዚያ በስተሰሜን ጥቁር አረንጓዴ ኮረብታ፤ ጂሬን መሆን አለበት። 50 ኪሎ ሜትር ላይ ቤት አይለይም። ሰው ግን አገሩን በቤት ብቻ አያውቀውም።

«ኦቦ! ይምጡ፣ ጅማ!»

ያ ወጣት ነቃ። ሁኔታው ገብቶት ነው መሰለኝ፣ ሳይጠየቅ ቦታውን ለቀቀና መተላለፊያው ላይ ቆመ። ኦቦ ገብተው በእኔ ላይ ተደግፈው አዩ።

«አጋሮስ?»

«ከዚህ ወዲህ፤ ከሥራችን ትንሽ ወደ ግራ።»

ፈለጉ። ጣታቸውን መስተዋቱ ላይ አድርገው ኮረብታውን በኮረብታ ተከተሉ። «ጫካ ብቻ ነው» አሉ። «ቡናዬ የታለ?»

ቡናው እዚያው ነበር። የጎማና የሊሙ ቡና ከዋንዛና ከብርብራ ጥላ ሥር ነው የሚያድገው፤ ከላይ ለሚያይ ሰው ደን ነው። የአገሩ ሀብት በሙሉ ከመስኮቱ በታች ተዘርግቶ ሳለ አንድም የቡና ዛፍ አለመታየቱ ኦቦን አላስደሰታቸውም። እኔን ደግሞ በጣም ገረመኝ። በየቀኑ የምቀምሰው ነገር ከየት እንደሚመጣ በዓይኔ አይቼ የማላውቅ ያህል ተሰማኝ። ክንፉ ቀስ ብሎ መጣና ሸፈነው… አይ፣ ክንፉ አይደለም፤ እኛ ነን ያለፍነው።

ከዚያ በኋላ በረራው ለሰው ሁሉ ነው። ሸካ በኩል ደኑ ጠቆረ፣ ከዚያ ደጋው ተቆርጦ ወደ ቆላው ወረደ፤ ደቡብ ሱዳን። ሱድን ለማየት ተነስቼ ወደ ኋላ ሄድኩ። የአውሮፕላኑ የኋላ በሮች ላይ ትንሽ መስኮት አለች፤ አስተናጋጆቹ ሥራ ካልበዛባቸው በትሕትና ለጠየቀ አይከለክሉም። የቀኙን በር ስመለከት ግን ጭስ ነበር። በጥር ሳሩ ደርቆ ስለሚቃጠል ከደቡብ ሱዳን እስከ መካከለኛው አፍሪካ ሰማዩ ግራጫ ነው። ዓባይ ራሱ በቀጭኑ፣ ተከፋፍሎ፣ በጭሱ ውስጥ አለፈ። በቀኝ የተቀመጡት ብዙም እንዳልቀደሙኝ ሳይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ።

ኮንጎ ላይ ጭሱ አበቃና ደኑ ጀመረ። ከአማዞን ቀጥሎ በዓለም ትልቁ ሞቃታማ ደን ነው፤ ይህን የሚያውቁት ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ሲመለከቱት አንድም መንገድ ሳያዩ ሲቀሩ ነው። ወንዙ ሲመጣ ወንዝ አይመስልም፤ ደሴት በደሴት ነው፤ ቡናማ ውሃ በአረንጓዴ መሐል እየተከፈለ ይገናኛል። ኮንጎ ከዓለም ታላላቅ ወንዞች የምድር ወገብን ሁለት ጊዜ የሚያቋርጥ እሱ ብቻ ነው፤ እኛም መስመራችን ስለገጠመ ደግመን አገኘነው። ከወገቡ በታች ደመናው ተለወጠ፤ ቀጥ ብሎ የሚቆም ነጭ ደመና፣ አንዳንዱ ከእኛም በላይ። አብራሪው በመሐላቸው ሲዞር ክንፉ ያዘነብላል፣ ያን ጊዜ መስኮቱ ምድሩን ብቻ ያሳያል።

ምሳ ከተነሳ በኋላ መስኮት እንድናጨልም ተጠየቅን። ይኼ የመስኮት ዳር ሰው ሁልጊዜ የሚገጥመው ክርክር ነው፤ ተኝቶ የሚሄደውም ከፍሏል። 787 ላይ ግን ሙሉ በሙሉ ሲጨልም እንኳ ውጭው በሰማያዊ ይታያል፤ ሁለታችንም ሳንጣላ ሄድን።

አትላንቲክ። ስለ አትላንቲክ የምጽፈው የለኝም። ስድስት ሰባት ሰዓት ውሃና ዝቅተኛ ደመና ነው። በዚህ ሰዓት ወንበሬን ለማንም ብሰጥ አይከፋኝም ነበር። መስኮት ዳር የሚቀመጥ ሰው ሁለት ሰው አስነስቶ መውጣት ስለሚያፍር ውሃ አይጠጣም፣ አይንቀሳቀስም፤ ለእግር ደም ዝውውር ይህ ጥሩ አይደለም። ኦቦ በተነሱ ቁጥር አብሬ እነሳ ነበር፤ እሳቸውም ብዙ ተነሱ።

የብራዚል ዳርቻ ሲመጣ ከሰዓት በኋላ ነው። በጥር እዚያ የዝናብ ወቅት ስለሆነ ተስፋ አላደረግኩም፤ ደመናው ግን በቦታ በቦታ ተቀደደ። በግራ፣ ልክ መሆን ባለበት ቦታ፣ የጓናባራ ባሕረ ሰላጤ፤ ሪዮ ዴ ጃኔሮ። የሾለው የፓዎ ዴ አሱካር ቋጥኝ ታየ፤ 396 ሜትር ነው። የክርስቶስን ሐውልት ፈለግኩ። 30 ሜትር የሆነ ሐውልት ከዚያ ከፍታ ምን ይታያል!

ከሪዮ ወደ ሳኦ ፓውሎ ዝቅ እያልን የፓራይባ ወንዝ ሸለቆን ተከተልን። ለኦቦ ይህን ማሳየት ፈልጌ ነበር። ብራዚል በ19ኛው መቶ ዘመን የቡና ሀብቷን የጀመረችው በዚህ ሸለቆ ነው፤ ደኑን መንጥረው፣ በባሪያ ጉልበት። አፈሩ ሲደክም ቡናው ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ሄደ። አሁን ከመስኮቱ የሚታየው ሳር የለበሰ ኮረብታ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ጎርፍ የቦረቦረው ቀይ አፈር፣ ከብት።

ኦቦ ብዙ አዩ። «ዛፉን ባይቆርጡት» አሉና ቀበቷቸውን አሰሩ።

ሐሙስ፣ ሳንቶስ

ከሳኦ ፓውሎ ወደ ባሕር መውረድ ነው፤ መንገዱ ገደሉን በዋሻና በድልድይ ይወርዳል። በሳንቶስ በ1922 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የቡና ገበያ ሕንጻ አሁን ሙዚየም ሆኗል። የድሮ ነጋዴዎች ወንበሮች በክብ ተደርድረው አሉ። ኦቦ አንዱ ላይ እንዳይቀመጡ ጠባቂው በምልክት ከለከላቸው። ዝናብ ነበር።

ዓርብና ቅዳሜ፣ ፖሶስ ዴ ካልዳስ

በአውቶቡስ ወደ ሚናስ ጄራይስ ደቡብ። ዛሬ የመስኮቱን ወንበር ኦቦ ራሳቸው ያዙ፤ ምንም አልተናገርኩም።

ከአንድ ቦታ በኋላ ኮረብታዎቹ በሙሉ ሹሩባ የተሠሩ ሆኑ። ቡና ነው፤ መስመር በመስመር፣ ዙሪያውን ተጠምጥሞ፣ ያለ አንድ ጥላ ዛፍ፣ ፀሐይ ላይ። በእኛ አገር ለቀማው ባለቀበት ጊዜ እዚህ ፍሬው ገና አረንጓዴ ነው፤ የሚለቅሙት ከግንቦት ጀምሮ ነው። ለጥ ያለው ሜዳ ላይ ማሽን በመስመሩ ላይ እግሩን አንፈራጦ እያለፈ ያራግፈዋል፤ ተዳፋቱ ላይ በእጅ ነው። ይህን ከ11,000 ሜትር ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ቡና መሆኑን አይጠራጠርም። ኦቦ መስኮቱን በክንዳቸው እየጠረጉ የጠየቁት ሌላ ነው።

«ሠራተኛው የት ጥላ ሥር ነው ቡና የሚጠጣው?»

አስተርጓሚያችን ጥያቄውን ለባለ እርሻው አደረሰለት። ሰውየው ሳቀ፤ ወደ ትራክተር መጋዘኑ አሳየ።

ማድረቂያቸው ሲሚንቶ ወለል ነው፤ እንደ እኛ ከመሬት ከፍ ያለ የማድረቂያ አልጋ አይጠቀሙም። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ፤ የዛሬው ማስታወሻ የመስኮት ነው።

እሑድ ሌሊትና ሰኞ፣ ወደ አዲስ አበባ

የመልሱ በረራ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ይነሳል። ወደ ምሥራቅ፣ ፀሐይን ፊት ለፊት እየሄድን ስለምናገኛት ሌሊቱ አጭር ነው፤ ከተነሳን ሦስት ሰዓት ገደማ በኋላ አትላንቲክ መሐል ላይ ነጋ። አሁን ደቡብ በቀኝ ነው፣ ፀሐይም በቀኝ። እንደገና ግራን ያዝኩ፤ በዚህኛው ጊዜ ለጥላው። ጅማ በቀኝ እንደምታልፍ ባውቅም ሲመሽ ስለሆነ ከቀን ሙሉ ብርሃን ጋር አላወዳደርኩትም። የጋቦን ዳርቻ፣ አሸዋው፣ ከኋላው ያሉት ሐይቆች፣ እኩለ ቀን ላይ ያለ አንዳች ነጸብራቅ ታዩ። ከአሥር ሰዓት በፊት የማላገኘውን የፎቶ ብርሃን አገኘሁ።

ኦቦ ግን አልተስማሙም። «አገሬ በወዲያ በኩል ሲያልፍ እኔ ባሕር አያለሁ?» ብለው ሊመሽ ሲል ተነሱ፤ ሂደው በቀኙ የኋላ በር አጠገብ ቆሙ። አስተናጋጇ ወንበር ላይ እንዲቀመጡ ልትነግራቸው ሄደች፣ ከዚያ እሷም አጎንብሳ ስታይ አየኋት። የቀበቶው መብራት ሲበራ ተመለሱ።

«ምን አዩ?»

«ጭጋግ።»

«ጅማስ?»

«ጭጋጉ የጅማ ነው።»

ማክሰኞ፣ ከአዲስ አበባ ጅማ

የጠዋቱ ዳሽ 8። ወደ ጅማ ሲሄዱ የጠዋት ፀሐይ ከኋላ ትቀራለች፤ ከሁለቱም ጎን ጥሩ ይታያል። መኪና መንገዱም ግድቡም በግራ ስለሚቀሩ ግራውን ጠየቅኩ፤ ሁለት ሁለት ወንበር ስለሆነ አንድ መስኮት ለሁለት ሰው ነው። ኦቦ ቀድመው ገብተው ተቀመጡበት፤ ቦርዲንግ ፓሱ ላይ የተጻፈው የእኔ ፊደል ነው፤ ማን ይናገራቸዋል?

ከዚያ ያየሁት ኮፍያቸውን ነው። የሚታየውን ሁሉ ግን ነገሩኝ። ይህን መንገድ ዕድሜ ልካቸውን ቡና በጭነት መኪና አስጭነው ተመላልሰውበታል፤ ከላይ ሲያዩት ድልድዩን በድልድይ፣ ጠመዝማዛውን በጠመዝማዛ አወቁት። ግቤን ስናልፍ መኪና የተገለበጠባቸውን ቦታ አሳዩኝ፤ ማለት ጣታቸውን አሳዩኝ። ሳጃ፣ ሰኮሩ፣ እያሉ ቆጠሩ። የግድቡን ውሃ ሲያዩ «ይሄኛው በዚያን ቀን ያበራው ነው» አሉ።

ጎማው ሲወርድ አውሮፕላኑ ዘመም አለ፤ በትከሻቸው በላይ ትንሽ ከተማ ታየችኝ።

«ሰርቦ ደረስን፣ ኦቦ።»

«አሰንዳቦ ነው።»

«አሰንዳቦን አልፈናል።»

«እኔ ነኝ መስኮቱ ጋ ያለሁት» አሉና ዞር ሳይሉ ማየታቸውን ቀጠሉ።